«ለፈረንጅ ነው» የሚሉት ፍርድ

ሰሞኑን አዲሱ ገበያ፣ ሙዚቃ ወዳጆች በተሰበሰቡበት፣ አንዱ «ቋንቋ» የተባለ ባንድ የሠራውን ዘፈን ለጓደኛው ጋበዘው። ስልኩን አቀበለው። ተጋባዡ ዘፈኑ መሀል ሳይደርስ ስልኩን መለሰና «ተወው ባክህ፣ ይሄ ለፈረንጅ ነው» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

ይህ ፍርድ የቆየ ነው። ሙዚቀኛው እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስም የአገር ቤት ድምፆችን በኮምፒውተር ምት ሲሠራና ሥራውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብሎ ሲጠራ ይኸው ተባለ። ሚካኤል ሰይፉ «ያራዳ ልጅ»ን ሲያወጣ ተባለ። ተወዛዋዡ መላኩ በላይና ባንዱ ኢትዮከለርም ሳይባሉ አልቀሩም። የሚያበሳጨኝ፣ ስለ ሙዚቃው አንዳች ነገር አለመናገሩ ነው። ቅኝቱ ተበላሽቷል፣ ከበሮው ዘፋኟን ውጧታል፣ ዜማው መሄጃ አጥቷል ቢሉኝ እከራከራለሁ፤ ምናልባትም እሸነፋለሁ። «ለፈረንጅ ነው» የሚል ሰው ግን ያየው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው። መድረኩን አላየም።

መድረኩን እንይ። «ቋንቋ» ውስጥ ማሲንቆውን የሚመታው እንድሪስ ሐሰን ነው። ቤዝ ክራሩን ቡቡ ተክለማርያም፣ ከበሮውን ሚሳሌ ለገሰ ይጫወታሉ፤ አዝማሪዋ ሰላምነሽ ዘመነ ትዘፍናለች። ቫዮሊን የምትጫወት አንዲት አሜሪካዊት አብራቸው አለች። በእሷ ምክንያት ማሲንቆው፣ ክራሩና ከበሮው ሁሉ ዜግነታቸውን ያጣሉ?

እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች «ወርቃማው ዘመን» ሲባል ደረታቸውን ይነፋሉ። እስቲ በዚያው ሚዛን ወርቃማውን ዘመን ይመዝኑት። ዋልያስ ባንድ በደርግ ዘመን የሚጫወተው የት ነበር? አዲስ አበባ ሂልተን። የሂልተን እንግዳ ማን እንደነበር ለማንም አይጠፋም፤ ዲፕሎማት፣ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ፣ ኪሱ የሞላ የከተማ ሰው ነው። በእ.ኤ.አ. 1977 የወጣውን «ቸ በለው» አልበም የሠሩት እነዚሁ የሂልተን ሰዎች ናቸው። ዛሬ የዚያኑ አልበም «ሙዚቃዊ ስልት»ን «የፈረንጅ ነው» የሚል ሰው አላገኘሁም። ሙላቱ አስታጥቄ የመጀመሪያ አልበሞቹን የቀረጸው በእ.ኤ.አ. 1966 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ቪብራፎንና የላቲን ከበሮ ይዞ ነው። አሳታሚው ዐምሃ እሸቴ የአገር ፍቅር ማኅበርን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ ሲያወጣ ሸክላው የታተመው ሕንድ ነው። ከዚያም በፊት «አርባ ልጆች» የተባለውን ባንድ የመሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ፤ አርመን። ሚዛኑ ትክክል ከሆነ ይህን ሁሉ መጣል አለብን። ካልጣልን ሚዛኑ ውሸት ነው፤ ሌላ መውጫ የለውም።

ሌላም አለ። ቱሪስት በአውቶቡስ እየመጣ የሚሞላቸው የባህል ምግብ ቤቶች አሉ። እዚያ በየምሽቱ ያው የብሔረሰቦች ጭፈራ በያው ቅደም ተከተል፣ በያው ልብስ ይቀርባል። በግልጽ ለፈረንጅ የተዘጋጀ ነገር ከተፈለገ ይኸው ነው። ያንን «ባህላችን» እንለዋለን። ማሲንቆውን ወደ አልተሄደበት መንገድ የወሰደውን ልጅ ደግሞ ባዕድ እናደርገዋለን። ፈረንጁ ሁለቱም ቤት ከፍሎ ገብቷል፤ የሚለየው እኛ አንዱን ስለለመድነው ብቻ ነው።

ይህ ቃል እዚህ ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ ላይ መነገሩ ደግሞ ይብስብኛል። እዚያው ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበብ የሚሸምኑት የዶርዜ ሰዎች ወንድሞች አገራቸው ላይ እንዴት እንደሚዘፍኑ ተናጋሪው ያውቃል? ሁሉም አንድ ዜማ አይከተልም፤ አንዱ ድምፅ የራሱን መስመር ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ይገባበታል፣ ሦስተኛው ከላይ ይሻገራል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ ቀርጾት በሸክላ ወጥቷል። ጆሮ ለሚያስቸግር፣ ለተደራረበና ለማይገመት ድምፅ ይህች አገር እንግዳ አይደለችም። ለዶርዜ ጎረቤቱ እንግዳ የሆነው ተናጋሪው ነው።

የዚህ ንቀት ዋጋ ተከፍሏል። የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ በእ.ኤ.አ. 1985 አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥቶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አለፉ። ካሴቱን አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በእ.ኤ.አ. 2013 እንደገና እስኪያወጣው ድረስ ስሙን ከእኛ ማን አነሣው? ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውን በሳክስፎን ያስጮኸ ሰው ነው፤ «ዘ ኤክስ» የተባሉት የኔዘርላንድ ፓንኮች ግን በስተርጅናው አልበም አብረውት ሠሩ፣ መድረክ ለመድረክ ይዘውት ዞሩ። ፈረንጅ ሲያነሣቸው «የኛ ኩራት» አልን። ያኔ ለፈረንጅ ነው ያለ የለም።

የሙዚቃ ቤቶቹም እያለቁ ነው። ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ቤት ጃዛምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ተቃጠለ። መላኩ በላይ እየጨፈረ ባገኘው የሽልማት ብር ያቆየው የአዝማሪ ቤት ፈንድቃ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ነባር ቤቱን አጣ። እዚያ ቤት ፈረንጅ ይበዛ ነበር፣ እውነት ነው። ይበዛ የነበረው እሱ ስለመጣና እኛ ስለቀረን ነው። ባንዱ በር ላይ ቆሞ አበሻ አልመለሰም።

የሙከራ ሥራ ሁሉ ጥሩ ነው አልልም፤ ከሰማኋቸው ውስጥ አሰልቺም፣ ያልበሰለም አለ። ያንን ለመናገር ግን እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሰው ዘፈን ሲጋብዛችሁ ለማን እንደተሠራ አትጠይቁት። ስልኩን ተቀበሉ፣ ዘፈኑን ጨርሱ። ባንዱ ከተማ ውስጥ የሚጫወት ከሆነም ከፍላችሁ ግቡ። ከዚያ በኋላ አልወደድነውም ብትሉ መብታችሁ ነው፤ ያኔ እንከራከራለን።