ሐኪሙ ሥራ ሲያቆም ፖሊሱ የት ይቁም?

በኢትዮጵያ ፖሊስ የሠራተኛ ማህበር የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፖሊስን፣ ወታደርንና የመንግሥት ሠራተኛን ጭራሽ አይመለከትም። ስለዚህ ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሆስፒታል የምትሠራ ነርስና ፒያሳ ላይ የሚቆም ፖሊስ በአንድ ነገር እኩል ናቸው፦ ደሞዝ አነሰን ብለው በማህበር ተደራድረው የኅብረት ስምምነት የሚፈርሙበት መንገድ የላቸውም።

ግንቦት 2017 ላይ ያየነውን አስታውሱ። የጤና ባለሙያዎች ደሞዝና ጥቅማጥቅም ይስተካከልልን ብለው ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ እስር መጣ። ኑሮ ውድነቱ ግን አሳሪና ታሳሪ አይለይም። ዘይቱም፣ ጤፉም፣ የቤት ኪራዩም ለሁለቱም ያው ነው።

«በሽተኛ ቢሞትስ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ የምናጣጥለው አይደለም። አዋጁም ሆስፒታልን ሥራ ማቆም ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች ጋር መድቦታል። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 42 ሥራ የማቆም መብትን ያውቃል፤ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች ይጠቀሙበታል የሚለውን ነው ለዝርዝር ሕግ የተወው። ደግሞም ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የታሰረ ሐኪም በሽተኛ አያክምም። በሽተኛው ካሳሰበን ድንገተኛ ክፍል እንዳይዘጋ ከባለሙያዎቹ ጋር መነጋገር ያለበት ጤና ሚኒስቴር ነው እንጂ ፖሊስ ጣቢያ አይደለም።

ታዲያ ፖሊሱ ምን ያድርግ? አምቡላንስ እንዲያልፍ መንገድ ያስከፍት። ሥራ ያቆመውንም፣ ልሥራ ብሎ የሚገባውንም እኩል ይጠብቅ። ድንጋይ የወረወረን ይያዝ፤ ፌስቡክ ላይ «ደሞዜ አልበቃኝም» ብሎ የጻፈን ይተው። የያዘውን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቅርብ። ከዚህ በላይ የሆነው ለአሠሪው ወግኖ አድማ መስበር ነው።

«ፖሊስ ማህበር ቢኖረው ይሻል ነበር» ልትሉ ትችላላችሁ። እኔም ቢኖረው ደስ ይለኛል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖሊስ ማህበር አለው፤ ያውም ከማዕድን ሠራተኞች ማህበር ጋር በአንድ ኮንፌዴሬሽን ሥር። ሆኖም ነሐሴ 10 ቀን 2004 ማሪካና ላይ ፖሊስ አድማ የመቱ 34 ማዕድን ቆፋሪዎችን ገደለ። የማህበር መታወቂያ ኪስ ውስጥ መኖሩ ጥይቱን አላስቆመም። ልዩነት የሚያመጣው ፖሊሱ በዚያች ቅጽበት «ማንን ነው የምጠብቀው?» ብሎ መጠየቁ ነው።

የራሳችንም ታሪክ አለ። የካቲት 11 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ታክሲዎች የቤንዚን ዋጋ ሲጨምርባቸው አቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ። ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ። የዋጋ ጥያቄ በዋጋ ተመለሰ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ለዘውዱ መልሱ ዘግይቶ ቢመጣም። ዱላ ደሞዝ አይጨምርም፣ ቤንዚንም አያረክስም።

እዚሁ አራዳ ማዕከላዊ የሚባል ምርመራ ነበር፤ በ2010 ተዘጋ። በሩ መዘጋቱ ጥሩ ነው። ነገ ሌላ ሥራ ማቆም ይመጣል፤ መምህር ይሁን፣ ታክሲ ይሁን፣ ነርስ ይሁን። ያኔ የሚላከው ፖሊስ አብዛኛውን ጊዜ የእኛው እኩያ፣ በወር ደሞዝ የሚኖር ወጣት ነው። ሰልፉ ፊት ሲቆም እህቱ እዚያ ውስጥ ልትኖር እንደምትችል ቢያስብ በቂ ነው።