ፍል ውኃ ስለ ሞቀ ብቻ ንጹሕ አይደለም

ከሻሸመኔ ብዙ ሳይርቅ፣ ደን በለበሰው ተራራ ግርጌ የሚገኘው የወንዶ ገነት ፍል ውኃ በየዓመቱ ብዙ እንግዳ ይቀበላል። ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል እያዩ በሞቀ ውኃ መታጠብ ድካምን ያስወግዳል፤ የመገጣጠሚያንም ሕመም ለጊዜው ያስታግሣል። ይህን የሚክድ የለም።

ነገር ግን «ፍል ውኃ እድፉን ራሱ ያቃጥለዋል» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን መግለጥ ግዴታችን ነው። ውኃው ከምንጩ ሲወጣ እጅግ ቢፋጅም፣ ሰው ሊነከርበት የሚችለው ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ሲበርድ ነው። ይህም ከሰውነታችን ሙቀት፣ ማለት ከ37 ዲግሪ፣ እምብዛም የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙዎቹን ተሐዋስያን አይገድልም፤ አንዳንዶቹንም ያራባቸዋል። በሞቀ ውኃ ውስጥ የሚኖር አንድ የአሜባ ዓይነት በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን ያጠቃል። በሽታው የሚይዘው እጅግ ጥቂት ሰው ቢሆንም፣ ከተያዙት የሚድነው ከስንት አንድ ነው።

በጃፓን ሀገር ሰው ወደ ፍል ውኃው ገንዳ ከመግባቱ በፊት በውጭ ሆኖ ገላውን በሳሙና ታጥቦ ይለቀለቃል። እኛም ይህን ልማድ ብናደርገው፣ በእኔ አስተያየት፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ቁስል ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ከገንዳው አይግባ፤ የገባም ጭንቅላቱን ከውኃው ውስጥ አይድፈቅ፤ ውኃውንም አይጠጣ።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ለጉብኝት ስትወስዱ ሳሙናና ፎጣ እንዲይዙ ማሳሰብን አትርሱ። ገንዳው የጋራ ነው፤ አንዱ ይዞት የገባውን እድፍ ሌላው ይዞት ወደ ቤቱ ይመለሳል።