ይድረስ ለዘንግ አስተካካዮች

ይድረስ፣ ከቦሌ እስከ ለገዳዲ በየፓምፕ ክፍሉ የሞተርና የፓምፕ ዘንግ በሌዘር ለምታስተካክሉ የጥገና ባለሙያዎች።

ቦሌ ውስጥ ፎቅ ላይ የምኖር ሰው ነኝ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ተራችን የደረሰ ዕለት ውሃውን ከምድር ቤቱ ገንዳ ወደ ጣሪያው ሮቶዎች የሚገፋልን አንድ ፓምፕ ነው። እሱ ከቆመ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ይመጣል፤ አቅመ ደካሞቹ ጎረቤቶቼ ደግሞ የሚወጡበት አቅም የላቸውም።

የዚህ ፓምፕ ኩሽኔታ ይበላል፣ ይቀየራል፣ ተመልሶ ይበላል። ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ሲልም ያንጠባጥባል። ሁሉም በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ በኩሽኔታው ይላከክ ነበር። ምክንያቱን ያገኛችሁልን እናንተ ናችሁ። የሞተሩና የፓምፑ ዘንግ መስመራቸው ተዛንፏል። ሁለቱን የሚያገናኘው ኩፕሊንግ ጎማ ስላለው ይችለዋል ይባላል፤ ጎማው ቢችል እንኳ ጫናው ኩሽኔታው ላይ ያርፋል። በደቂቃ ወደ 3000 ጊዜ የሚዞር ሞተር ደግሞ ያንን ጫና በየዙሩ ይደጋግመዋል። በዚህ ፍጥነት የሚፈቀደው መዛነፍ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የቀጭን ፀጉር ውፍረት።

ስትሠሩ ቆሜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፍታችሁ ቆለፋችሁ፤ ቁልፉን ኪሳችሁ ከተታችሁ። ሁለቱን የሌዘር መሣሪያዎች አንዱን በሞተሩ፣ ሌላውን በፓምፑ ዘንግ ላይ በሰንሰለት አሰራችሁ። ወደ ልኬቱ ከመግባታችሁ በፊት ግን የሞተሩን ቡሎኖች በየተራ አላላችሁ፤ አንደኛው እግር ከመቀመጫው ብድግ አለ። ሥሩ ዝገትና የቀለም ቅርፊት ነበር። ፍቃችሁ አጸዳችሁት፤ የቀረውን ክፍተት ሺም በሚባል ስስ ብረት ሞላችሁት። ከዚያ ዘንጉን በእጅ ስታዞሩ መሣሪያው የከፍታውን፣ የጎኑንና የማዕዘኑን ልዩነት ለየብቻ አወጣው። «መዶሻ ይምጣ» ያለም ነበር። እናንተ የጎን ቡሎኑን በትንሽ በትንሹ እያጠበቃችሁ ሞተሩን ወደ ቦታው መለሳችሁት። እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው!

ምስጋናዬ በዲያል ጌጅ እየለካችሁ፣ በወረቀት እያሰላችሁ ይህን ሙያ ላቆያችሁልን አንጋፋዎችም ይድረስ። የጀርመኑ ፕሩፍቴክኒክ ኩባንያ በ1984 እ.ኤ.አ. ኦፕታላይን የተባለውን የሌዘር መሣሪያ ሲያወጣ ሒሳቡን መሣሪያው ተረከበ፤ ትዕግሥቱ ግን ዛሬም የእናንተው ነው። የሞተሩን እግር ሳያጸዳ የሚለካ ሰው በሌዘርም ቢለካ ያው ነው።

የለገዳዲ ግድብ ለከተማችን ውሃ መስጠት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። ከዚያ ወዲህ በምሥራቁ አዲስ አበባ ስንት ፎቅ በቀለ፤ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክም መጣ። ፓምፕ፣ ኮምፕሬሰር፣ የአየር ማራገቢያ ባለበት ሁሉ የእናንተ እጅ ያስፈልጋል።

የሕንፃ ባለቤቶችና የፋብሪካ ኃላፊዎች ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ለእናንተም ጭምር ጽፌዋለሁ። ፓምፕና ሞተር ከፋብሪካ ተስተካክለው ቢወጡም ከጅቡቲ ወደብ በከባድ መኪና ሲጓጓዙ ልካቸው ሊዛባ ይችላል፤ ቧንቧ በግድ ተጎትቶ ሲታሰርም እንደዚሁ። ቧንቧው ከታሰረ በኋላ፣ ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አስለኩ። የልኬቱን ወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ ለባለሙያውም በቂ ጊዜ ስጡት።