የተገጨው ለምን ይቀጣል?

ስለ ሥልጣንና ስለ ሕገ መንግሥት ስንሟገት ከርመናል፤ ዛሬ ግን ስለ ፓራውልት ልጽፍ ተገድጃለሁ። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ዜጋ ከድርጅት ጋር ሲዋዋል ምን ያህል አቅም እንዳለው ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ባለፈው ዓመት አንድ ማለዳ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስወርድ፣ እግረኛ ለማሳለፍ ቆሜ ሳለ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከኋላ መጥቶ ገጨኝ። ሰው አልተጎዳም። የቪትዟ የኋላ ፓራውልት ተሰነጠቀ፤ አንደኛው የኋላ መብራት ረገፈ። ሾፌሩ ወርዶ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግን የምነዳው የሰው መኪና ነው፤ እባክዎ እዚሁ እንስማማ» አለኝ። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪነቴን የማሳይበት ቀን የደረሰ መስሎኝ ትራፊክ ፖሊስ ጠራሁ። ፖሊሱ መጣ፣ ለካ፣ ፕላን አነሳ፤ ጥፋተኛው የሚኒባሱ አሽከርካሪ መሆኑንም በሪፖርቱ አሰፈረ።

ሪፖርቱን ይዤ ወደ መድን ድርጅቴ ሄድኩ። ሠራተኛዋ በትሕትና «በእኛ በኩል ይጠገንልዎ፤ ከዚያኛው ወገን መድን እኛው እናስመልሳለን፤ ለእርስዎም ይፈጥንልዎታል» አለችኝ። ተስማማሁ። ጥገናው 19 ሺህ ብር ሆነ፤ 5 ሺሁን ኤክሰስ ብለው ከእኔ ተቀበሉ፤ 14 ሺሁን ለጋራዡ ከፈሉ። ውሉን የማድስበት ጊዜ ሲደርስ ግን ዓረቦኑ በ11 ሺህ ብር አድጎ ጠበቀኝ። (የዩኒቨርሲቲ መምህርን ደመወዝ የሚያውቅ አንባቢ ይህ ቁጥር ለምን እንቅልፍ እንደነሣኝ ማስረዳት አያስፈልገውም።)

ምክንያቱን ጠየቅሁ። «ዶክተር፣ ካሳ ስለወሰዱ ነው፤ ቅናሽዎ ተነሥቷል» ተባልኩ። ጥፋተኛው እኔ አይደለሁም ብል «ሲስተሙ ጥፋት አይለይም፤ ፋይል መከፈቱን ነው የሚያየው» የሚል መልስ ተሰጠኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ ቅናሽ የሚሰጠው ጥንቁቅ አሽከርካሪን ለማበረታታት ነው ይባላል። እንግዲያው ቆሞ የተገጨ ሰው ከነገ ጀምሮ ምን ቢያደርግ የበለጠ ጥንቁቅ ይሆናል? መንገድ ላይ ባይወጣ ይሆን?

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሂሳቡ ነው። የመድን ድንጋጌዎቹ በ2013ቱ ሕግ ያልተተኩት የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ በደንበኛው እግር ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ወገን እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ማለትም ድርጅቴ የከፈለውን 14 ሺህ ብር ከሚኒባሱ ወገን ማስመለስ ይችላል። እኔ ያጣሁት ቅናሽ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 7 ሺህ ብር ነው፤ ወደ ነበረበት የሚመለሰውም ከሦስት ንጹሕ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በሦስቱ ዓመታት ውስጥ የተከፈለልኝን ገንዘብ ቀስ በቀስ እኔው መልሼ እከፍላለሁ። ድርጅቱ አንዱን ወጪ ከሁለት ኪስ ይሰበስባል ማለት ነው። ይህ ንግድ ሊሆን ይችላል፤ ዋስትና ነው ለማለት ግን ይከብደኛል።

ለፍትሕ ስል የድርጅቱንም ክርክር ልጥቀስ። ከጭማሪው ውስጥ ቀሪው 4 ሺህ ብር የመኪናዋ ግምት በማደጉ የመጣ ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫው ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም ጋራዥ ስንገባ እያየነው ነው። ግምቱን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብም አያዋጣም፤ ጉዳት ሲደርስ ካሳው በዚያው መጠን ተቀናሽ ይሆናልና። ይህን ክፍል ያለ ቅሬታ እከፍላለሁ። ቅሬታዬ ሁለቱ ጭማሪዎች በአንድ ቁጥር ተጠቅልለው መምጣታቸው ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ባልጠይቅ ኖሮ ሙሉውን የኑሮ ውድነት ነው ብዬ በከፈልኩ ነበር።

ያ ሾፌር «እዚሁ እንስማማ» ያለኝ ለካ ከእኔ ይልቅ ሥርዓቱን ስለሚያውቀው ነው። ሕጋዊውን መንገድ የተከተለ ከተቀጣ፣ ሰው ሁሉ በአስፋልት ዳር ብር ቆጥሮ ይለያያል፤ በግዴለሽነት የሚነዳውም መዝገቡ ንጹሕ እንደሆነ ይኖራል። ደግሞም ያለ ሪፖርት መስማማት አደገኛ ነው፤ በሳምንቱ «ወገቤን አሞኛል» የሚል ተሳፋሪ ቢመጣ ማስረጃችን ምንድን ነው?

ስለዚህ ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ አደጋውን በውሉ በተወሰነው ጊዜ ለድርጅታችሁ አሳውቁ፤ ማሳወቅ ማለት ግን ካሳ መጠየቅ ማለት አይደለም፤ ይህንኑም በደብዳቤያችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። የግዴታው የሦስተኛ ወገን መድን በሰው አካል ላይ ብቻ ሳይሆን በንብረት ላይ የሚደርስን ጉዳትም ይሸፍናል፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005ን ማንበብ በቂ ነው። ጥፋቱ የሌላው ከሆነ መጀመሪያ የዚያን ወገን መድን ሰጪ ጠይቁ። ይዘገያል፤ የእናንተ ቅናሽ ግን አይነካም። እኔ ለፍጥነቱ ብዬ የተውኩት ይህንን ነው። በራሳችሁ ውል መጠቀም የግድ ከሆነባችሁም፣ ከመፈረማችሁ በፊት የሚከፈላችሁን ካሳ ከሚነሣው ቅናሽ ጋር አስሉት።

ይህ ሁሉ ስሌት ግን በደንበኛው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ አልነበረበትም። መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ፣ የዓረቦን ጭማሪ ምክንያቱ ተነጣጥሎ በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ በፖሊስ ሪፖርት ጥፋት የሌለበት ሰውም ቅናሹን እንዳያጣ ቢያዝዝ የሚጎዳ አንድም ሐቀኛ ድርጅት አይታየኝም።

እኔም በበኩሌ ለድርጅቱ ደብዳቤ አስገብቻለሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ 14 ሺህ ብሩን ከሚኒባሱ መድን አስመልሳችኋል ወይስ አላስመለሳችሁም? «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ተብያለሁ። ውሉ የሚያበቃው በዚህ ወር መጨረሻ ነው።