የማስታወቂያው ከፋይ ይታወቅ

ማስታወቂያ የንግድ መልእክተኛ ነው። የሸቀጡን ጠባይና ዋጋ ለሩቅ ገዢ የሚያደርሰው እርሱ ነው። ሆኖም ገዢው ዕቃውን ያሞገሰለት ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ በጣሳው ላይ የፋብሪካው ስም ተጽፏል፤ ዕቃው ጐድሎ ቢገኝም የሚጠየቅ ባለቤት አለው። በምርጫ ዘመን ለሚወጣው የፖለቲካ ማስታወቂያ ግን ይህ ሥርዓት በብዙ አገር ተሟልቶ አይገኝም። ከፋዩ ያልታወቀ የፖለቲካ ማስታወቂያ ሊሸጥም ሊገዛም አይገባውም፤ ይህንንም ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ነጋዴው ነው እንላለን።

የምርጫ ማስታወቂያ ከንግድ ጋር ያለው ዝምድና የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ጄኔራል አይዘንሃወር ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ የራስ ምታት ክኒን በማስተዋወቅ የታወቀው ሮሰር ሪቭስ አጫጭር የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎችን አዘጋጀላቸው። በየማስታወቂያው ዜጋ ይጠይቃል፣ ጄኔራሉ ይመልሳሉ። ነገር ግን መልሶቹ አስቀድመው ተቀርጸው ነበር፤ ጠያቂዎቹ የተቀረጹት ከዚያ በኋላ ለብቻቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ዕጩን እንደ ሸቀጥ ማቅረብ የተለመደ ሥራ ሆነ።

ይህን ሥራ በሕግ ለመግራት አገሮች ልዩ ልዩ መንገድ ይዘዋል። እንግሊዝ የንግድ ቴሌቪዥን እንዲቋቋም በፈቀደችበት እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው ሕግ የፖለቲካ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን እንዳይሸጥ ከለከለች፤ በ2003 የወጣው ሕግም ይህንኑ አጽንቷል። በምትኩ ለፓርቲዎች ያለ ክፍያ የሚናገሩበት ሰዓት ይመደብላቸዋል። በታተመ የምርጫ ወረቀት ላይም ያሳታሚውና የማተሚያ ቤቱ ስምና አድራሻ ይሰፍራል፤ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሰራጨው ማስታወቂያም ያሳታሚውን ማንነት እንዲገልጽ ተደርጓል።

አሜሪካ ሽያጩን ፈቅዳ ዋጋውንና ስሙን ለመቈጣጠር ሞከረች። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከምርጫው በፊት ባሉት 60 ቀኖች ዕጩዎችን ለንግድ ደንበኞቻቸው ከሚሰጡት ዝቅተኛ ዋጋ በላይ እንዳያስከፍሉ በ1971 በወጣው ሕግ ታዘዙ። በአንዱ ቍና ለወዳጅ፣ በሌላው ቍና ለባላጋራ መስፈር ቀረ ማለት ነው። የፌዴራል ምርጫ ዕጩዎችም መልእክቱን የተቀበሉት መሆናቸውን በማስታወቂያው ውስጥ ራሳቸው እንዲናገሩ በ2002 ተወሰነ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ኩባንያዎች ከዕጩዎች ጋር ሳይመካከሩ ለምርጫ ማስታወቂያ የፈለጉትን ያህል እንዲያወጡ ፈቀደ። ፈራጆቹ ያመዛዘኑት የንግግርን ነጻነት ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት በዚያው ውሳኔ፣ ከፋዩ ይገለጽ የሚለውን ሕግ በ8 ዳኞች ድምፅ አጽንቷል። እንግዲህ የመናገር መብትና ስምን የመግለጽ ግዴታ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ታየ። ጉድለቱ የመጣው፣ የሰጪዎቻቸውን ስም የመግለጽ ግዴታ በሌለባቸው ማኅበሮች በኩል ገንዘቡ ተሰውሮ የሚያልፍበት ቀዳዳ ስለ ቀረ ነው።

አንዳንድ ነጋዴ፣ «ስሜ ከተገለጸ የተሸነፈው ወገን ነገ ሊበቀለኝ ይችላል፤ ምስጢር መጠለያዬ ነው» ይል ይሆናል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አይደለም። በምስጢር የተሰጠ ገንዘብ ከሕዝብ ይሰወራል እንጂ ከተቀባዩ አይሰወርም። ማን እንደ ሰጠና ማን እንዳልሰጠ ሹሙ ያውቃል፤ የማያውቀው ሕዝቡ ብቻ ነው። ከዚህም በኋላ ጨረታ ሲወጣና ፈቃድ ሲታደስ የሰጠው ውለታ ይጠብቃል፣ ያልሰጠውም ይፈራል። ስጦታው በግልጽ መዝገብ ከሰፈረ ግን የውለታው ክፍያ ለሁሉ ዓይን ይጋለጣል፤ እንዲሰጥ የሚለመነውም ነጋዴ «ሕጉ ያጋልጠኛል» ብሎ ለመመለስ ምክንያት ያገኛል። ጥቂት ብር ለሚያዋጣው ባለ ሱቅ ሕጉ የገንዘብ ወለል ወስኖ ስሙን ሊተውለት ይችላል።

ሕጉ ከአቅም በላይ እንዳይከብድም ማሰብ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው ደንብ፣ የፖለቲካ ማስታወቂያ ከፋዩን፣ የተከፈለውን ገንዘብና የሚመለከተውን ምርጫ እንዲገልጽ ያዝዛል። ዓላማው መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉግልና ሜታ ግዴታው በዝቶብናል ብለው ደንቡ በሥራ ላይ ከዋለበት ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች የፖለቲካ ማስታወቂያ መሸጥ አቆሙ። በዚህም በአነስተኛ ዋጋ ድምፁን ያሰማ የነበረ ትንሽ ዕጩ ተጐዳ።

በአገራችንም አዋጅ ቍጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ አገር ሰዎች ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። በ2013 ዓ.ም. በተደረገው 6ኛ አጠቃላይ ምርጫም ለፓርቲዎች የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዓት፣ የጋዜጣም ዐምድ ተደልድሎላቸው ነበር። ይህ መልካም መሠረት ነው፤ ነገር ግን የነጋዴው ማኅበር ሕግ እስኪያስገድደው መጠበቅ የለበትም።

ማስታወቂያ የሚያትም፣ የሚያሰራጭና የሚሰቅል ነጋዴ ሁሉ ሦስት ነገሮችን በራሱ ፈቃድ ቢይዝ እንመክራለን። የከፋዩን ስም በማስታወቂያው ላይ ያስፍር፤ ለሁሉም ወገን አንድ የዋጋ ዝርዝር ያውጣ፤ የሸጠውንም መዝግቦ ለጠየቀ ሁሉ ያሳይ። ይህን ለማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤትም ሆነ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ደረሰኝና መዝገብ የነጋዴ የዕለት ሥራው ነውና። ለስኳርና ለጨው ትክክለኛ ሚዛን የሚጠይቅ ሕዝብ፣ ለሚያስተዳድሩት ሰዎች ምርጫም እንዲሁ ያለ ሚዛን ይገባዋል።