የነዳያን ድርሻ የት ገባ?

መጀመሪያውኑ ልናገረውና የሚቆጣ ይቆጣ፤ የከተማ አድባራት ለድሃ የሚሰጡት አይበቃም። ከሚያስገቡት ጋር ሲተያይማ ያሳፍራል። ይህን የምለው ከአጥር ውጭ ቆሜ ድንጋይ ለመወርወር አይደለም። በአርባ ቀኔ የተጠመቅሁባት፣ አባቴም እናቴም የተቀበሩባት፣ አስራቴን የማስገባባት ቤት ናት። ገንዘቡ ከኪሴ የወጣ ነውና የት እንደገባ እጠይቃለሁ።

የደብሬን ዓመታዊ ሪፖርት ጸሐፊው ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሲያነቡ ሰምቻለሁ። ገቢው አንድ በአንድ ተዘርዝሯል፤ ሙዳየ ምጽዋት፣ ስእለት፣ አስራት በኩራት፣ አጥሩን ተጠግተው የተሠሩት ሱቆች ኪራይ፣ የመቃብር ቦታና የፉካ ገቢ፣ የመኪና ማቆሚያ። ወጪውም እንደዚያው፤ የካህናትና የሠራተኞች ደመወዝ፣ ለሀገረ ስብከት በፐርሰንት የሚገባ ፈሰስ፣ የሕንፃ ማጠናቀቂያ፣ አዲስ የድምፅ ማጉያ፣ የክብር እንግዶች መስተንግዶ። ነዳያን የሚለውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። አጠገቤ የተቀመጡትን የኮሚቴ አባል ዝቅ ባለ ድምፅ ብጠይቃቸው «ልዩ ልዩ ወጪ የሚለው ውስጥ አሉ» አሉኝ። ልዩ ልዩ! ከአምፖል፣ ከመጥረጊያና ከማተሚያ ወረቀት ጋር ማለት ነው። በፍርድ ቀን ስለ ተራበውና ስለ ታረዘው እንደሚጠይቀን ያስተማረን ጌታ በእኛ መዝገብ ከመጥረጊያ ጋር ተደምሯል። ሪፖርቱ ሲያልቅ ተጨበጨበ፤ እልልታም ነበር።

የዚያኑ ደብር ዕቃ ቤትም ገብቼ አይቻለሁ። ለስእለት የገባው ጃንጥላ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ የብዙው ፕላስቲክ ገና አልተቀደደም። ጥቅል ምንጣፍ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ በካርቶን የታሸገ ጧፍ አለ። በንግሥ ቀን ከጃንጥላዎቹ አንዱ ይወጣና ጨረታ ይጀመራል። ሰባኪው ማይኩን ጨብጦ «ማነው የሚጨምር? ለእመቤታችን እኮ ነው!» ይላል። አንዱ ነጋዴ ያሸንፋል፤ ጃንጥላውን እዚያው ለቤተ ክርስቲያን መልሶ ይሰጣል፤ ጃንጥላውም ወደ ዕቃ ቤቱ ይገባል፤ ለከርሞ ደግሞ ይሸጣል። በሰኔ ማርያም ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ላይ ካርቶን አንጥፋ የተቀመጠች እናት ከነልጇ ዝናብ ይወርድባታል። ከዚያ ሁሉ ክምር አንዱን ለእሷ ቢሰጧት ታቦቱ የሚቀየም ይመስላቸው ይሆን?

«ደርግ ሁሉንም ወስዶብን ምን አለንና?» የሚሉኝ አባቶች አሉ። እውነት አላቸው። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠሩ መሬት፣ በሐምሌ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትተዳደርበት ርስት በአንድ ዓመት ተነጠቀ። የገጠሩ ቄስ ዛሬም አርሶ ነው የሚበላው፤ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ዕጣን የሚቸግረው፣ ቀዳሽ አጥቶ የተዘጋ አጥቢያ ስንት ነው! ነገር ግን ይህ ለከተማው ደብር መከላከያ ሊሆነው አይችልም፤ እንዲያውም ክሱን ያከብድበታል። የገጠሯ እናት ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ እያየ በእምነ በረዱ ላይ እምነ በረድ የሚደርበው ማን ሆነና? ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየነከሰው ቁራሽ የሚለምነው የቆሎ ተማሪ የማን ልጅ ነው? ቅኔውንና ድጓውን ተሸክሞ ነገ በዚያ አዲስ ማይክ የሚያዜመው እሱ አይደለም?

የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን አለን እንዳትሉኝ። አለ፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃ ቆፍሯል፣ ስደተኛ አስጠልሏል፣ ክብር ይገባዋል። ግን የሠራበት ገንዘብ በአብዛኛው የመጣው ከውጭ አጋሮች ነው። የአውሮፓ ምእመን ሳንቲሙን አዋጥቶ በእኛ ስም ጉድጓድ ሲያስቆፍር እኛ ለጉልላት ቅብ ጃንጥላ ዘርግተን መንገድ ላይ እንለምናለን። ይህ አያሳፍርም?

እስቲ የራሳችንን አባቶች እንጠይቅ። ሊቀ ዲያቆናት የምንለው እስጢፋኖስ ከስድስት ባልንጀሮቹ ጋር የተመረጠው የመበለቶች ማዕድ ተጓደለ የሚል ማጉረምረም ስለተሰማ ነው። የዲቁና መነሻው ያ የምግብ እደላ ነው። በስሙ የምንቀድሰው ዮሐንስ አፈወርቅ ቁስጥንጥንያ ላይ ሲሾም የጳጳሱን ቤት ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን መጠለያ አዋለው። መሠዊያውን በብር እያስጌጡ በር ላይ ያለውን ክርስቶስ በብርድ መተውን በግልጽ አወገዘ፤ ከባለ ጸጎችና ከቤተ መንግሥት ተጣልቶ በግዞት ሞተ። ግንቦት 12 በዓሉን እናከብርለታለን። ዛሬ መጥቶ በእኛ ዓውደ ምሕረት ያንኑ ቢሰብክ ማይኩ የሚዘጋበት ይመስለኛል።

«ምጽዋት በስውር ነው፤ ሪፖርት አይደረግም» የሚለውን ማምለጫ ደግሞ ከቶ ልታገሠው አልችልም። በስውር ስጥ የተባለው ግለሰብ ነው፣ እንዳይኩራራ። የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ስውር ሲሆን ስሙ ሌላ ነው። አቡነ ማትያስ በ2005 ዓ.ም. መንበሩ ላይ ከተቀመጡ ወዲህ በራሳቸው ቤት ስላለው ሙስና በአደባባይ ተናግረዋል፤ ፓትርያርኩ ያልደበቁትን እኔ ለምን እደብቃለሁ?

የፕሮቴስታንት ወንድሞቼም ዳር ቆመው እንዳይስቁ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ ረጂዎች ደብዳቤ ጽፋ የሰውን ነፍስና ሥጋ ነጣጥላችሁ አትዩ ብላ ነበር። ያን የመሰለ ውርስ ባለበት አገር ዛሬ በቴሌቪዥን ሞባይል ቁጥርና የባንክ ሒሳብ አስለጥፎ ከደሃዋ የጉሊት ነጋዴ «ዘር» የሚሰበስብ ነቢይ አለ። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር የቅባቱ ምስክር ይባላል። በእኛ ዘንድ ቢያንስ ሕንፃው የጋራ ነው።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ጥያቄዬ አንዲት ናት። እኛ ካገኘነው ከአሥር አንድ አምጡ ስንባል ኖረናል፤ እንግዲህ ደብሩም ከሚያስገባው ከአሥር አንድ ያውጣ። ለሀገረ ስብከት ፈሰሱ ታውቆ እንደሚቆረጥ ሁሉ የነዳያኑም ይቆረጥ፤ ከሕንፃውም ከመስተንግዶውም በፊት። የራሱ ርእስ ይኑረው፣ ኦዲተር ይየው፣ በዚያው አዳራሽ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይነበብ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲው ምእመኑን በሰበካ ጉባኤ አስቀምጦታል፤ ለማጨብጨብ ብቻ አይመስለኝም። በመጪው ምርጫ ይህን በቃለ ጉባኤ አስገባለሁ የማይል ሰው ድምፄን አያገኝም። አስራቴም እስከዚያው በሙዳየ ምጽዋቱ በኩል አያልፍም፤ በሩ ላይ ላሉት በእጄ እሰጣለሁ፣ ደረሰኝም አልጠይቃቸውም።