ቆቅ ያሳደደ ሰው በሲያትል ምን ዓይነት ውሻ ይግዛ?

ባለፈው ቅዳሜ በረካው እየተቀዳ ሳለ አንድ ወዳጄ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ፊቴ ዘረጉት። ዕድሜያቸው ከእኔ ስለሚበልጥ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በኤርፖርት ታክሲ ብዙ ዓመት የቆዩ ሰው ናቸው። ወረቀቱ የእድር መዋጮ ወይም የትራፊክ ክስ መስሎኝ ነበር። የሦስት ውሾች ፎቶግራፍ ሆኖ አገኘሁት። «አንተ ልጅ፣ ጋዜጠኛ ነበርኩ ትል የለም? እስቲ አጣርተህ ንገረኝ፤ ከነዚህ ሦስቱ ለቆቅ የሚሆነው የቱ ነው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ ያደጉት መርሐቤቴ ነው። በጀማ ወንዝ ሸለቆ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማትገኝ የቆቅ ዓይነት አለች፤ የወፍ አጥኚዎች የሃርዉድ ፍራንኮሊን ይሏታል። ጋሼ ይህን ስም ሰምተውት አያውቁም። የሚያውቁት በልጅነታቸው ቡቺ ከሚባል ውሻቸው ጋር ገደል ለገደል ቆቅ ሲያሳድዱ መዋላቸውን ነው። አሁን እዚህ የተወለደ የ14 ዓመት ልጅ አላቸው። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ አይመልስም፤ አባትየው እንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ ልጁ ይስቃል። «አብረን የምንሠራው አንድ ነገር ልፈልግ ብዬ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ቀልድ አላለፍኩትም። ከእናንተም መካከል ይህ ሐሳብ ያለው ስለማይጠፋ፣ ያጣራሁትን ላካፍላችሁ።

አገር ቤት ውሻ አይመረጥም። ደጅ ያድራል፣ ሌባ ይጠብቃል፣ ፍርፋሪ ይበላል፣ ቆቅ ካገኘም ያሳድዳል። እዚህ ግን ውሻ እንደ ሐኪም በየሙያው ተከፋፍሏል። አንዱ ጠቋሚ ነው፤ የወፉ ሽታ ሲመታው አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ሐውልት ቀጥ ይላል። ሌላው አስነሺ ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ወፉን ያበርራል። ሦስተኛው አምጪ ነው፤ የወደቀውን ፈልጎ ለጌታው ያስረክባል።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ተረታችን። ጀርመኖች ግን ሁለት ዛፍ የሚወጣ ውሻ እናረባለን ብለው ተነሡ። ቀድሞ በአገራቸው አደን የመሳፍንትና የመኳንንት መብት ነበር፤ መኳንንቱም ለየሥራው የተለየ ውሻ ይቀልቡ ነበር። ከ1848ቱ አብዮት በኋላ የአደን መብት ወደ ተራው ሰው ሲወርድ፣ ተራው ሰው መቀለብ የሚችለው አንድ ውሻ ብቻ ሆነ። ያ አንድ ውሻ መጠቆምም፣ ማምጣትም፣ ውኃ መግባትም፣ የቆሰለ መከታተልም ነበረበት። እንግዲህ ሁለገብ የሚባለው ውሻ ከመነሻው የድኻ ሰው ውሻ ነው። ለእኛም የሚቀርበው ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ፎቶግራፎች እንመለስ። የመጀመሪያው ላብራዶር ነው። ከ1991 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዘር መዝገብ አንደኛ ሆኖ የቆየው እሱ ነው። ከልጆች ጋር ይስማማል፣ ለመማር ፈጣን ነው፣ ቀዝቃዛ ውኃ አይፈራም። ዋና ሙያው ግን ማምጣት ነው፤ አብዛኛው ላብራዶር ወፍ ያስነሣል እንጂ ቆሞ አይጠቁምም። ጠጕሩም ምንጣፍ ላይ ይረግፋል።

ሁለተኛው የጀርመኑ ሾርትሄርድ ፖይንተር ነው። ክብደቱ ከ20 እስከ 32 ኪሎ ይደርሳል። ይጠቁማል፣ ያመጣል፣ ይዋኛል። እውነተኛ ሁለገብ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ እንዲሮጥ የተፈጠረ ፍጡር ስለሆነ፣ ሳይሮጥ የዋለ ዕለት ሶፋችሁን ይበላል።

ሦስተኛው ከፈረንሳይ የብሪታኒ ክፍለ ሀገር የመጣው ብሪታኒ ነው። ከ14 እስከ 18 ኪሎ የሚመዝን፣ ትንሽ፣ ልበ ስስ ውሻ ነው። ይጠቁማል፣ ያመጣል፣ በቶዮታ ኮሮላ የኋላ ወንበር ላይም ይበቃዋል። ቁጣ አይወድም፤ የጮኹበት እንደሆነ ያኮርፋል።

ታዲያ የቱ ይሻላል? እኔ እንደማየው የእኛ ሰው ምርጫ የሚጀምረው ከማዕዱ ነው። አሜሪካዊው «ትንንሽ አውሬና ወፍ» ሲል ጥንቸልንም ዳክዬንም ዝይንም ይቆጥራል። ጋሼ ግን የተዋሕዶ ልጅ ናቸው። ጥንቸል ሰኮናው ስላልተሰነጠቀ በኦሪት ሕግ ክልክል ነው፤ ዳክዬና ዝይንም አብዛኞቻችን አንነካም። የቀሩት ፌዛንት፣ ቹካር፣ ድርጭትና ግራውስ ናቸው። ይህ ማለት ላብራዶር ከሌሎቹ የሚበልጥበት የውኃ ሥራ ለጋሼ እምብዛም አይጠቅማቸውም። እነዚህ የምድር ወፎች ናቸው፤ እንደ ቆቃችን ሳር ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ በእግር ይሮጣሉ፣ በድንገት ይነሣሉ። ለእነሱ የሚሻለው ጠቋሚ ነው። ከካስኬድ ተራሮች ወዲያ በምሥራቅ ዋሽንግተን መግደል የሚፈቀደው ወንዱን ፌዛንት ብቻ ነው፤ ውሻው ጠቁሞ ሲቆም አዳኙ ቀርቦ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፣ ወንዱን ከሴቷ ለመለየትም ፋታ ያገኛል። ጀማሪ ልጅ ይዞ ለሚወጣ አባት ይህች ፋታ ትልቅ ነገር ናት።

ፌዛንት ራሱ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። በ1881 እ.ኤ.አ. በሻንጋይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ኦወን ዴኒ ከቻይና በመርከብ ወደ እኛዋ ፖርት ታውንሰንድ ላከው። አብዛኞቹ ወፎች አለቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኦሪገን የተላኩት ግን ተራቡ። ውሻው ጀርመን ወይም ፈረንሳይ፣ ወፉ ቻይና፣ አዳኙ መርሐቤቴ። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ታዲያ ባለአገሩ ማን ነው?» አሉኝ።

የቢላዋው ጉዳይም አለ። በእኛ ልማድ ሳይባረክ የሞተ በክት ነው፣ አውሬ የሰበረውም አይበላም። አገር ቤት አዳኝ ተኩሶ ሲመታ የሚሮጠው ነፍሱ ሳይወጣ ለመድረስ ነው። እዚህም የቆሰለን ወፍ ሳያዘገዩ መገላገል የጥሩ አዳኝ ምግባር ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ውሻ ፈጥኖ የሚያገኝ፣ አፉ ለስላሳ የሆነ፣ ያገኘውን ሳያኝክ ይዞ መጥቶ በእጅ የሚያስረክብ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው የያዘውን የማይለቅ ውሻ ለእኛ አይሆንም። ተመትቶ ወዲያው ለሞተው ወፍ ግን መልሱን ከንስሐ አባታችሁ ጠይቁ እንጂ ከጋዜጣ አትጠብቁ። ሙስሊም ወገኖቻችንም የራሳቸው ሥርዐት አላቸው። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ 4ኛ አንቀጽ የሠለጠነ ውሻ ለባለቤቱ የያዘውን፣ የአላህን ስም ጠርቶ መብላት ይፈቅዳል። ውሻው ለራሱ ከበላለት ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ውሻ ነው፤ የታረመና አፉ የታመነ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አደኑ ቀን ነው። ከባዱ ጥያቄ የቀሩት ቀኖች ናቸው። የምሥራቁ የፌዛንት ወቅት በጥቅምት ይከፈታል፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ያኪማ ከሲያትል ወደ 140 ማይል ይርቃል። ቅዳሜና እሑድ ታክሲ የሚነዳ፣ እሑድ ጠዋት የሚያስቀድስ ሰው በዓመት ስንት ቀን ያድናል? አሥር ቢሞላለት ዕድለኛ ነው። በቀሩት 355 ቀኖች ያ ውሻ የሚኖረው ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ለጥየቃ ከመጡት አማቱ ጋር ነው። አማትየው ደግሞ «ውሻ የገባበት ቤት ጸሎት ይደረጋል?» ማለታቸው አይቀርም።

አንድ የማውቀው ሰው ይህን ሳያስብ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርታማ ያንን ጀርመናዊ ውሻ ገዛ። እሱ ሁለት ሥራ ይሠራል፣ ሚስቱ ሌሊት ትሠራለች። ውሻው ቀኑን ሙሉ እያላዘነ በር ቧጠጠ። ጎረቤት ከሰሰ፣ ባለቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፣ በስምንተኛው ወር ውሻው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሴት ልጁ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም። «በማያውቀው ቤት ትቼው ስወጣ ከኋላዬ ተከትሎ ሊመጣ ገመዱን ሲጎትት አየሁት» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ነገር የለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እዚህ ጋዜጣ ላይ ስለ መነቀል ብዙ ጽፈናል፤ ሌላ ፍጡር ነቅለን መጣል የለብንም።

ስለዚህ ለጋሼ የመከርኳቸው ይህን ነው። ግቢ ያለው ቤትና በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚሮጥለት ጎረምሳ ካለ፣ ጀርመኑ አያሳፍርም። አፓርታማ ወይም ትንሽ ግቢ ከሆነ፣ ብሪታኒ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በየቀኑ ካልሮጠ አይሆንም። ዳክዬ ለሚበላ፣ ትንንሽ ልጆችም ላሉት ላብራዶር መልካም ነው። ከዘሩ ስም ይልቅ ግን ወላጆቹን እዩ። ለአደን የሚራባና ለውበት ውድድር የሚራባ በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። እናቲቱ ስትሠራ ማየት ካልተፈቀደላችሁ፣ የዳሌ አጥንቷ በራጅ መመርመሩን የሚያሳይ ወረቀት ካልቀረበ፣ ቡችላው የቱንም ያህል ቢያምር ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የሰሜን አሜሪካ ሁለገብ አዳኝ ውሾች ማኅበር አለ፤ ወጣት ውሾችን እስከ 16 ወር ዕድሜያቸው በማሽተት፣ በመጠቆም፣ በውኃና በዱካ ይፈትናል። ከመግዛት በፊት አስቀድሞ ደውሎ አንድ የፈተና ቀን ሄዶ ማየት ከመቶ ማስታወቂያ ይበልጣል።

ሕጉንም አትርሱ። በዋሽንግተን ስቴት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1972 በኋላ የተወለደ፣ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 22 ቀን 1964 ወዲህ ማለት ነው፣ የአዳኝነት ትምህርት ሳይጨርስ ፈቃድ አይገዛም። ጋሼ ያመልጣሉ፣ ልጃቸው አያመልጥም፤ እኔም አላመልጥም። ግሪን ካርዱ ገና ያልደረሰለት ወገን ደግሞ ጠመንጃ ከመግዛቱም ከመዋሱም በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱና «እንግዲያው ትምህርቱን ከልጁ ጋር እኔም ልማር፤ ውሻው እስከ መስከረም ይቆይ» አሉ። ግዴታ እንደሌለባቸው ባስታውሳቸው፣ «እንግሊዝኛውን እሱ ያስረዳኛል፤ ቆቁን እኔ አስረዳዋለሁ» ብለው ተነሡ።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።